ዲዲቲ በደምቢያ ግድግዳ ላይ

ዲዲቲ የተባለው ፀረ-ትንኝ ኬሚካል ወደ ደምቢያ የገባው ወባን ተከትሎ ነው። ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ እስከ ጣና ሐይቅ የተዘረጋው ይህ ሜዳ ለም ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን በየማሳው በሚቋጠረው ውሃ የወባ ትንኝ ይፈለፈላል። በ1953 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተነሣው ወረርሽኝ በደምቢያ ብቻ ወደ 7,000 ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በዓመቱ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ሠልጣኞቹም ወደ ደምቢያው ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ እየወረዱ ሙያውን በገበሬው መካከል ተማሩት። በ1950ዎቹ አጋማሽ የወባ መቆጣጠር ሙከራ ከተጀመረባቸው ጥቂት የአገሪቱ ሥፍራዎችም አንዱ ደምቢያ ነበር።

የባሰው በ1958 መጣ። ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው በልጦ ወባ እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወጣች። ደገኛው በሽታውን የሚቋቋምበት አቅም አልነበረውም፤ በመላ አገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 እንደሞተ ተገምቷል። በተከታዩ ዓመት አገር አቀፍ የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ፤ ዋና መሣሪያውም ዲዲቲ ሆነ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትንኟ ደም ከመጠጠች በኋላ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። በካሬ ሜትር እስከ 2 ግራም የተረጨ ዲዲቲ ከስድስት ወር በላይ እዚያው ቆይቶ ያረፈችውን ይገድላል። ለበዓል ቤቷን በጭቃና በእበት አዲስ የምትመርግ ባለቤት ግን፣ ሳታስበው መድኃኒቱን ከምርጊቱ ሥር ትቀብረዋለች።

ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚሁ ዘላቂነቱ ነው። በአንድ ሞለኪውሉ አምስት የክሎሪን አቶሞች ያሉት ይህ ውህድ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ የሚሟሟው በስብ ነው። አፈር ውስጥ ከገባ ግማሹ እስኪጠፋ እስከ 15 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተትና ቅቤ ይሻገራል፤ በምግብ ሰንሰለቱ ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥርም ይከማቻል። በአሜሪካ የንስሮችን የእንቁላል ቅርፊት አሳስቶ ዘራቸውን አመናመነ። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሬቸል ካርሰን ስለ ፀረ-ተባዮች ጉዳት በ1962 ያሳተመችው መጽሐፍ ሕዝቡን ካነቃ በኋላ አገሪቱ በ1972 ለእርሻ እንዳይውል ከለከለች። በኢትዮጵያም በጅማ አካባቢ በእናት ጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል። ለወባ የመጣው መድኃኒት ወደ እርሻ ሾልኮ ስለወጣ በጫት ቅጠል ላይ ቅሪቱ ታይቷል፤ ይህ የቁጥጥር ጉድለት እንጂ የኬሚስትሪ ጥፋት አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 ዲዲቲን ካንሰር የማምጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ ከሚባሉት መደበው።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ዘላቂ ኬሚካሎችን የሚገድበውን የስቶክሆልም ስምምነት በ2003 ብታጸድቅም ውሉ ዲዲቲን ለወባ መከላከያ ስለሚፈቅድ ርጭቱ ቀጠለ። በ2000ዎቹ መጨረሻ ያስቆመችው ራሷ ትንኟ ናት፤ በአገሪቱ ዋና የወባ አስተላላፊ የሆነችው አኖፊለስ አራቢየንሲስ መድኃኒቱን ተላመደችው። ተራው የዴልታሜትሪን፣ ቀጥሎም የቤንዲዮካርብ ሆነ። ቤንዲዮካርብ ክሎሪን የለበትም፤ ግድግዳ ላይ የሚቆየውም ከ2 እስከ 6 ወር ብቻ ነው።