231 «ኢፍ»

ትናንት ኮተቤ ቤቴ የድሮ ሲዲዎች ስበረብር ራሴ የጻፍኩት ኮድ እጄ ገባ። የእንጦጦ ብርድ አልነበረም ያንቀጠቀጠኝ 😄

ሥራው አንድ ፊደል ግዕዝ ይሁን ካዕብ ወይስ ሣልስ መለየት ብቻ ነው። እኔ 33ቱን ፊደላት በሰባት አባዝቼ 231 «ኢፍ» ደርድሬያለሁ! አሜሪካዊው ቶማስ ማኬብ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መለኪያ፣ ውሳኔዎቹን ቆጥሮ አንድ መደመር ነው፤ የኔው 232 መጣ። እሱ ከ10 ባያልፍ ይሻላል ባይ ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የኔ አልነበረም። ያኔ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይላል። በ1999 እ.ኤ.አ. ግን ፊደላችን ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ረድፎቹ በስምንት ስምንት ቦታ ተደለደሉ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን ለ8 ማካፈል ነው፦ «ቡ» 4705 ናት፣ ቀሪዋ 1፣ ካዕብ። ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 6 ከሆነ ሳብዕ። (ዲቃሎቹ ለብቻ ይታያሉ፤ እሱም ጥቂት መስመር ነው።)

እኔ ሆዬ ከዚያም በኋላ ያንኑ ዝርዝር ቁጥሩን ብቻ ቀይሬ ለአንድ መሥሪያ ቤት አስረከብኩ። «ፀ» ላይ አንዷ መስመር ተሳስታ ነበር። ከኔ በኋላ የተቀጠረችው ልጅ እሷን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀባት።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ኮዳችሁ በረዘመ ቁጥር ማርክ እጨምርላችሁ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አሳጥሮ ጽፎ «ሰንፈሃል» ያልኩት ልጅ ይህን ካነበበ፣ ይቅርታ። ማርክህን አሁን ማስተካከል ባልችልም፣ ቡና አለብኝ።