መተማን የሚሻገረው ብርሃን ባለቤት

መጋቢት በመጣ ቁጥር መተማ ይነሣል። የ1881 ዓ.ም. ጦርነት፣ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ መቁሰልና ማረፍ፣ የሠራዊቱ መበተን ብዙ ስለተጻፈበት አልደግመውም። ከተራኪዎቹ ጋር ከመፎካከር ይልቅ፣ ዛሬ ያንን ድንበር ማንም ሳያየው ስለሚሻገረው ብርሃን ባወጋ እመርጣለሁ።

ኢትዮጵያ ከዓለም ኢንተርኔት ጋር የምትገናኝባቸው በሮች በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ናቸው። የሱዳኑ ፋይበር በመተማና ከድንበሩ ማዶ ባለችው በገላባት አልፎ፣ በገዳሪፍ አድርጎ ወደ ፖርት ሱዳን ይዘልቃል። ፋይበር መስታወት ነው፤ ጥራት ያለው የሲሊካ መስታወት እንኳ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከገባበት ብርሃን የሚያስተርፈው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። ከመተማ ገዳሪፍ ብቻ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ለረጅም መስመሮች መፍትሔ የሆነው ኤርቢየም ነው፤ ብርቅዬ ከሚባሉት የምድር ንጥረ ነገሮች አንዱ። በመስታወቱ ውስጥ በጥቂቱ ይጨመራል። 980 ናኖሜትር በሆነ የሌዘር ብርሃን ሲመገብ ኃይል ያጠራቅማል፤ በ1550 ናኖሜትር አካባቢ የሚጓዝ የደከመ መልእክት ሲነካው ደግሞ ያንኑ ዓይነት ብርሃን አፍልቆ ያበረታዋል።

ይህን የብርሃን ማጉያ ማን ፈጠረው? የተለመደው መልስ በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ፔን ነው። የእርሱ ቡድን ማጉያውን እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ቤል ላብስ ኤማኑኤል ዴሱርቪር ከባልደረቦቹ ጋር የራሱን አሳተመ። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይቆማል። ሦስተኛው ሰው ኤላያስ ስኒትዘር ግን አለ።

ስኒትዘር ኮሚኒስቶችን በሚያሳድደው የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት አልናገርም በማለቱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከማስተማር ሥራው የተባረረ ፊዚክስ አዋቂ ነው። የተቀበለው አሜሪካን ኦፕቲካል የተባለ የመነጽር ኩባንያ ነበር። እዚያ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1961 ኒዮዲሚየም የተጨመረበት የመስታወት ሌዘር ሠራ። በ1964 ከቻርልስ ኬስተር ጋር አንድ ሜትር ያህል ፋይበር በብልጭታ መብራት ዙሪያ ጠምጥመው ብርሃንን እስከ 50 ሺህ እጥፍ ማጉላታቸውን ጻፉ። በቀጣዩ ዓመት የኤርቢየም መስታወት ሌዘር አከለበት። ሁሉም ከፔን ከ20 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ችግሩ የሚያጎላለት መስመር አለመኖሩ ነበር፤ ብርሃንን ሩቅ የሚያደርስ ፋይበር የተገኘው በ1970 በኮርኒንግ ኩባንያ ነው። ፔን ሥራውን ለገበያ አበቃው፤ ሐሳቡን ግን የመነጽር ቤቱ ሰው ቀድሞታል።

ወደ ድንበሩ ስንመለስ፣ መስመሩ የሚያልፍባትን ገዳሪፍን ሰው የሚያውቃት በሰሊጧና በማሽላዋ ነው። በአጨዳ ወቅት ከኢትዮጵያ የሚሻገር ሠራተኛ ብዙ ነበር። ኤሌክትሪክም ከእኛ ወደዚያ ይሄድ ነበር።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ጦርነት ውስጥ ስትገባ በገላባት የሚሻገረው ስደተኛ ሆነ። በጥር 2016 መጨረሻ የአገሪቱ ኔትወርክ ከሞላ ጎደል ተቋረጠ፤ የመንግሥቱ ወገን የሚዋጋውን ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ከሰሰ። ለመጥፋቱ ምክንያት የተባለው ካርቱም ያሉት የቴሌኮም ኩባንያዎች ማዕከላት መዘጋት ነው፤ ኤርቢየሙም መልእክት ካልተላከለት የሚያጎላው የለውም።