የልብ ምት መሣሪያ ታሪክ፦ የሚቆጥረውና የሚገምተው

በዚህ በስደት ዓለም ኑሯችን ባብዛኛው የመቀመጥ ኑሮ ሆኗል። ታክሲ የሚነዳው ወገናችን ተቀምጦ ይውላል፤ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ሂሳብ የሚቀበለውም እንዲሁ። ስኳርና ደም ብዛት በየቤቱ ሲገቡ ሐኪሙ «ተንቀሳቀሱ፣ ክብደት ቀንሱ» ይላል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ የልብ ምት ቆጥሮ «ይህን ያህል ካሎሪ አቃጥለዋል» የሚለውን መሣሪያ ፍለጋ ገበያ የምንወጣው። ትክክለኛው የትኛው ነው? መልሱን ከሻጩ ይልቅ የመሣሪያው ታሪክ አሳምሮ ይነግረናል። የልብን ምት መቁጠርና ካሎሪን መለካት መነሻቸው የተለያየ ሁለት ሙያዎች ናቸውና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከጣት እስከ ደረት ቀበቶ

የጥንት ሐኪሞች የበሽተኛን የደም ሥር ትርታ በጣታቸው ሲዳስሱ ኖረዋል። ችግሩ ግን ደቂቃና ሴኮንድ የሚለይ ሰዓት አልነበራቸውም። በ1600ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ በክር የተንጠለጠለ ክብደት እያወዛወዘ፣ ውዝዋዜው ከትርታው ጋር እስኪገጥም ድረስ ክሩን እያሳጠረና እያስረዘመ መለካት ጀመረ። በ1707 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍሎየር ለአንድ ደቂቃ ብቻ የሚሄድ ሰዓት አሠርቶ ትርታን በደቂቃ መቁጠርን በመጽሐፉ አስተዋወቀ። ዛሬ ነርሷ «72» ብላ የምትጽፈው ቁጥር የዚያ ዘመን ውርስ ነው።

በ1900ዎቹ መጀመሪያ የኔዘርላንድሱ ቪለም አይንትሆቨን ልብ በመታ ቁጥር የሚፈጥረውን ደቃቅ ኤሌክትሪክ አጥርቶ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ። ክብደቱ 270 ኪሎ ያህል ነበር፤ የሚያሠሩት አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ታማሚው ደግሞ እጆቹንና እግሩን ጨው ውኃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። አይንትሆቨን ለዚህ ሥራው በ1924 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የሞንታናው ኖርማን ሆልተር የልብን ምልክት በሬዲዮ የሚያስተላልፍ፣ በጀርባ የሚታዘል 38 ኪሎ ያህል የሚመዝን መሣሪያ አበጀ።

ከዚያ ወሬው ወደ ፊንላንድ ይዞራል። የኦሉ ዩኒቨርሲቲው ሴፖ ሳይናያካንጋስ በ1977 ፖላር የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። በበረዶ ላይ ለሚንሸራተቱ ስፖርተኞች ልምምድ ትርታን በጣት መቁጠር አላዋጣም ነበር። ኩባንያው በ1982 ከደረት ወደ እጅ ሰዓት ያለ ገመድ የሚያስተላልፈውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በስፖርት መደብር የምናየው የደረት ቀበቶ የዚህ ዝርያ ነው፤ የሚያነበውም እንደ አይንትሆቨን መሣሪያ የልብን ኤሌክትሪክ ራሱን ነው።

የካሎሪው መንገድ

የካሎሪው ታሪክ የተጀመረው በሌላ በር ነው። በ1780ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ላቯዚዬና ላፕላስ ጊኒ ፒግ የምትባለውን አይጥ መሰል እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስገብተው ሙቀቷ ያቀለጠውን በረዶ ለኩ። መተንፈስ እንደ ቀስ ያለ መቃጠል ነው የሚል መደምደሚያ ላይም ደረሱ። ላቯዚዬ ቀጥሎ የሚሠራ ሰው ካረፈ ሰው ይበልጥ ኦክስጅን እንደሚወስድ አሳየ። ምርምሩን ግን አልጨረሰም፤ የንጉሡ ግብር ሰብሳቢ ነበረና በ1794 አብዮተኞቹ አንገቱን ቆረጡት።

ከመቶ ዓመት በኋላ በአሜሪካ ኮኔቲከት ዊልበር አትዋተር ሰው ለቀናት የሚኖርባት ጠባብ ዝግ ክፍል ሠራ። ሰውየው በውስጧ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሠራል፤ ከሰውነቱ የሚወጣው ሙቀትና የሚተነፍሰው አየር ሁሉ ይለካል። አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ስብ 9፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ስኳር 4 ካሎሪ የሚለው፣ በየዕቃው ላይ የምናነበው ሂሳብ ከእርሱ ሥራ የመጣ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ካሎሪን በትክክል ለመለካት ወይ የአትዋተር ዓይነት ክፍል፣ ወይ የሚተነፈሰውን አየር የሚለካ ጭንብል ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ኦክስጅን ሰውነት ውስጥ ሲውል 5 ካሎሪ ያህል ይቃጠላል። ስንሮጥ ደግሞ ኦክስጅን ለማድረስ ልብ ይፈጥናል። ሰዓቱ የሚያደርገው ይህንን መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ነው፦ ምቱን ይቆጥራል፣ ከምቱ ኦክስጅኑን ይገምታል፣ ከኦክስጅኑ ካሎሪውን ያሰላል። ግምቱም የሌሎች ሰዎችን አማካይ የተከተለ ነው።

ልብ ደግሞ በሩጫ ብቻ አይፈጥንም። ሦስተኛው የቡና ሲኒ፣ የሐምሌ ሙቀት፣ የውኃ ጥም፣ ከአገር ቤት የመጣ መጥፎ ወሬ ሁሉ ያፈጥኑታል፤ ካሎሪው ግን በዚያው ልክ አይቃጠልም። በአንጻሩ ለደም ብዛት እንደ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢሮጥም ልቡ ዝግ ስለሚል ሰዓቱ ያሳንስበታል።

የቆዳችን ጉዳይ

ከ2010ዎቹ ወዲህ ገበያውን የወረሩት የእጅ ሰዓቶች ኤሌክትሪክ ሳይሆን ብርሃን ነው የሚጠቀሙት። አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካሉ፤ ደም ሲያልፍ የሚመለሰው ብርሃን ሲለዋወጥ ምት ብለው ይቆጥራሉ። ለቆዳችን ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ግን ይህንኑ ብርሃን ይመጥጣል። ታዲያ ጉዳዩ እኛን ይመለከተናል ማለት ነው።

በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈተኑ። በልብ ምት ስድስቱ ከ5 በመቶ በታች ነበር የሳቱት። በካሎሪ ግን የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፤ የባሰው 93 በመቶ! ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ላይ ስሕተቱ ከፍ ማለቱንም ዘገቡ። በ2020 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ በቆዳ ቀለም ረገድ ጎልቶ የወጣ ልዩነት አላገኘም፤ ስሕተቱን በይበልጥ የሚያባብሰው እንቅስቃሴ ሆኖ አገኘው። ነገር ግን በዚያው ዓመት የሚሺጋን ሐኪሞች በሆስፒታል ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ፣ እርሱም በብርሃን የሚሠራ፣ በጥቁር ሕሙማን ላይ የኦክስጅን ማነስን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳወቁ። ስለዚህ ጥያቄውን መጠየቃችን አጉል ጥርጣሬ አይባልም።

ታዲያ ምን እንግዛ?

ትክክለኛ የልብ ምት የሚፈልግ የደረት ቀበቶ ይግዛ። ቆዳ ጥቁር ይሁን ቀይ ለኤሌክትሪኩ ለውጥ የለውም። ከመታጠቅዎ በፊት ቆዳ የሚነካውን ክፍል በውኃ ያርጥቡት። የእጅ ሰዓት ካለዎት ደግሞ ከእጅ አንጓ አጥንት ከፍ አድርገው ጠበቅ ያድርጉት። ከዚያ ይፈትኑት፦ ፈጠን ብለው ተራምደው እንደቆሙ ትርታዎን በጣትዎ 15 ሴኮንድ ቆጥረው በ4 ያባዙና ያስተያዩ። ዕድሜና ክብደትም ሲሞሉ እውነቱን ይሙሉ፤ ሂሳቡ የሚነሳው ከዚያ ነው። ልብዎ ያለ ምክንያት የሚዘል ወይም የሚወላገድ ከሆነ ግን ሰዓቱን ትተው ሐኪም ይጠይቁ።

የካሎሪውን ቁጥር በተመለከተ፣ የዛሬውን ከትናንቱ ለማነጻጸር ይጠቀሙበት እንጂ እንደ ደረሰኝ አይያዙት። 225 ካሎሪ አቃጥሎ ሰዓቱ 285 ያለው ሰው በዚያች በ60 ልዩነት ተጨማሪ ጥቅልል እንጀራ ቢያነሳ ከድካሙ ከፊሉ ከንቱ ይቀራል። መሣሪያው የልባችንን ምት ይቁጠርልን፤ ማዕዳችንን ግን እኛው እንቁጠር።