የባሕር ዛፉና የንጉሡ አውሮፕላን

በጥቅምት 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሽር ጉድ ላይ ነበረች። ንጉሥ ተፈሪ መኮንን ጥቅምት 23 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሊጭኑ ነው። ከየአገሩ እንግዳ ይጠበቃል፤ መንገዱ ይጠረጋል፤ አጥሩ ይታጠራል። ለበዓሉ ከታሰቡት ትርኢቶች አንዱ በአውሮፕላን የሚታይ ነበር። መቼም ለከተማው ሰው ከዚህ የበለጠ ብርቅ አልነበረም፤ የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥሪት፣ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነውና።

ታዲያ በልምምዱ ሰሞን ሂዩበርት ጁሊያን የተባለ በራሪ ንጉሡ የሚሳሱላትን ጂፕሲ ሞዝ፣ ከለንደን በስጦታ የመጣች ባለሁለት መቀመጫ አነስተኛ አውሮፕላን፣ አስነሥቶ ከባሕር ዛፍ ጋር ተላተመ። እሱ ተረፈ፤ አውሮፕላኗ ግን ተሰባበረች። ጁሊያንም ከአገር እንዲወጣ ተደረገ።

ሰውየው ትሪኒዳድ ተወልዶ በኒውዮርክ ሐርለም የኖረ፣ «ጥቁሩ ንስር» በሚል ቅጽል የታወቀ ጥቁር ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየማት አውሮፕላን ከኒውዮርክ ወደ አፍሪካ እበራለሁ ብሎ ተነሥቶ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ባሕር ውስጥ ወድቋል። ወሬ ይወዳል፤ ጋዜጠኛ ይወዳል፤ አለባበስ ያውቃል። አዲስ አበባ መጥቶም በፓራሹት ዘሎ አድናቆት አትርፎ፣ የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ሲወድቅ ለመሳቅ የተዘጋጀው ሰው ብዙ ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባል የለ? እዚህ ግን ዛፉ ቆሞ ሰውየው ነው የወደቀው፤ ምሳሩ ግን አልቀረለትም።

ታሪኩ እስከ ዛሬ ሲተረክ ሁለት መልስ ብቻ ይሰማል። አንዱ «ጉረኛ ስለነበረ ነው» ይላል። ሌላው የራሱ የጁሊያን ነው፤ «ተንኮል ተሠርቶብኝ ነው» ሲል ኖሯል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም የሚጠይቁት «ማን?» ብለው ነው። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ መሐል ላይ ቀረ።

«ለምን?» ቢባል ኖሮ ብዙ የሚመረመር ነገር ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ አየሩ ሳሳ ይላል። አየር ሲሳሳ የእነዚያ ዘመን ትንንሽ ሞተሮች ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ረዘም ያለ ሜዳ ይሮጣል፤ ከተነሣ በኋላም ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ለንደን ላይ ያለችግር ዛፍ የሚያልፍ አውሮፕላን እዚህ ዛፉ ሊደርስበት ይችላል። በዚያ ላይ ከተማይቱ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በባሕር ዛፍ የተከበበች ናት። ጥፋቱ የጁሊያን አይደለም ማለቴ አይደለም። ሰውየው ጉረኛም ሆነ ትሑት፣ አየሩ ያው ስስ፣ ዛፉም ያው ረጅም ነው ማለቴ ነው። ጁሊያን ሲባረር ሁለቱም እዚያው ቀሩ።

ይህ ለምን ያሳስባል ቢሉ፣ በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያውያን በረራ እየተማሩ ነበር። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ በፈረንሳውያን አስተማሪዎች ሠልጥነው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን የበረሩት በ1930 እ.ኤ.አ.፣ ጁሊያን በወደቀበት በዚያው ዓመት ነው። ለጀማሪ ተማሪ የሌላው ሰው አወዳደቅ ከመጽሐፍ በላይ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ካልተነገረው ግን ሳቅ ብቻ ሆኖ ይቀርበታል።

አምስት ዓመት ቆይቶ ሌላው ጥቁር አሜሪካዊ፣ ጆን ሮቢንሰን፣ መጣ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ቆመ፤ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ ፓይለቶቻችንን አሠለጠነ። እሱም በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአነስተኛ አውሮፕላን አደጋ ተጎድቶ ሞተ። ሮቢንሰንን ጀግና አልነው፤ ይገባዋል። ጁሊያንን ቀልድ አደረግነው። ከሁለቱም አደጋ ግን ምን እንደተማርን የሚተርክ አልሰማሁም።

የአቪዬሽን ሰዎች ይህን ነገር ቀድመው ነቅተውበታል። በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ደንባቸው፣ የአደጋ ምርመራ ብቸኛ ዓላማ ሌላ አደጋ መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም ይላል። የዚህን ደንብ ዋጋ እኛ በእንባ አውቀነዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በረራ 302 ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ ከባሕር ማዶ የፓይለቶቻችንን ችሎታ የሚጠራጠር ድምፅ ተሰምቶ ነበር። እኛም «ቆይ፣ መጀመሪያ ይመርመር» አልን። ሲመረመርም የአውሮፕላኑን አፍንጫ በግድ ወደ ታች የሚደፍቅ የኮምፒውተር ሥርዓት ተገኘ። ያ ሥርዓት እስኪስተካከል ድረስ የዚያ ዓይነት አውሮፕላን በዓለም ዙሪያ መሬት ላይ ቆመ።

እንግዲህ ለራሳችን የጠየቅነውን ፍርድ በየቤታችን እንስጥ። አንድ ድልድይ ሲሰነጠቅ መሐንዲሱ፣ በሽተኛ ሲሞት ነርሷ፣ ተማሪ ሲወድቅ መምህሩ ይነሣል። እፎይ እንላለን። የሚቀጥለው ሰው ደግሞ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ጎዶሎ ዕቃ፣ በዚያው ስስ አየር ይቀመጣል። ያጠፋ አይጠየቅ አልልም፤ ይጠየቅ። ግን ከማባረራችን በፊት የሆነውን ነገር አንድ በአንድ ይንገረን። ሰውየውን አባርረን ባሕር ዛፉን ካላየነው፣ ቀጣዩም እዚያው ላይ ነው የሚወድቀው።