የሰው ሀብት ባለሙያዎች ማኅበር ምንድን ነው? ለአሰናባቹስ ማን ይቆምለታል?

"ኤችአር" ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሁለት ሰው ነው፤ ስንቀጠር ፎርም ያስሞላን ሰውዬ እና ስንለቅ በክሊራንስ ያመላለሰን ሰውዬ። በመሃል ፈቃድ ሲከለከል፣ ደመወዝ ሲዘገይ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲመጣ ስሙ ይነሳል፤ በደግ አይነሳም እንጂ። ይህ ሰው ግን ሙያ አለው፣ በብዙ አገርም ማኅበር አለው። ዛሬ የምናየው ማኅበሩን ነው፦ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ በእኛ አገር ሕግ የት ላይ እንደሚቆም። ኤችአር ላልሆናችሁም ይጠቅማል፤ እሱ ሲሳሳት የሚጎዳው ወይ እናንተ ናችሁ ወይ ድርጅታችሁ።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ

ሦስት ነገሮች ይምታታሉ። የሠራተኛ ማኅበር ሠራተኞች መብታቸውን ለማስከበርና ከአሠሪ ጋር ለመደራደር የሚያቋቁሙት ነው፤ ከላይ ኮንፌዴሬሽኑ ኢሠማኮ አለ። የአሠሪዎች ማኅበርም አለ። እነዚህ ሁለቱ የሚመሩት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ነው። የባለሙያዎች ማኅበር ግን ሌላ ነው። ስለ ደመወዝ ከማንም ጋር አይደራደርም፣ የኅብረት ስምምነት አይፈርምም፣ የሥራ ማቆም አድማም አይጠራም።

የእሱ ቤት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ይህ አዋጅ ብዙ ወቀሳ ይቀርብበት የነበረውን አዋጅ ቁጥር 621/2001 የተካ ሲሆን፣ የሙያ ማኅበርን በሙያ ላይ ተመሥርቶ የሚቋቋም ድርጅት ብሎ ያስቀምጠዋል። ዓላማውም የአባላቱን መብትና ጥቅም ማስጠበቅ፣ የሙያ ሥነ ምግባርን ማሳደግ፣ የአባላቱን አቅም መገንባት፣ ባለሙያው ለማኅበረሰቡና ለአገር የሚያበረክተውን ማስተባበር ሊሆን ይችላል። ከበላይ ሆኖ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 31 የመደራጀት መብትን ደንግጓል።

ከየት መጣ?

በእንግሊዝ ከታዩት ከሁሉም የሚጠቀሰው በዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተው ነው። የቸኮሌት ፋብሪካ ባለቤቶች ቤተሰብ የሆነው ሲቦም ራውንትሪ በጀመረው ስብሰባ የፋብሪካ ሠራተኞችን ደኅንነት የሚከታተሉ ሰዎች ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ። ያኔ ሥራው ቅጥርና ስንብት ብቻ አልነበረም፤ ምሳው፣ መታጠቢያው፣ የታመመችው ሴት ሠራተኛ ጉዳይ ሁሉ የእነሱ ነበር። ያ ማኅበር ስሙን ብዙ ጊዜ ቀያይሮ ዛሬ ሲአይፒዲ የሚባለው ሆኗል፤ የንጉሣዊ ቻርተሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። አሜሪካኖቹም በ1948 የፐርሶኔል አስተዳደር ማኅበር ብለው ጀምረው በ1989 ስሙን ወደ ሰው ሀብት ቀየሩት፤ ሽረም (ኤስኤችአርኤም) የሚባለው እሱ ነው። እኛም ጋ "ፐርሶኔል" የሚለው በር ላይ ተጽፎ የነበረበት ቢሮ ዛሬ "የሰው ሀብት ሥራ አመራር" ይላል። በሩ ተቀየረ፤ ውስጡ ተቀይሯል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ባለሙያው ራሱ በየትኛው ሕግ ይተዳደራል?

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ብዙ ኤችአሮች ራሳቸው ልብ የማይሉት ነገር ስላለ።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 3 ላይ የማይመለከታቸውን ሰዎች ሲዘረዝር "የሥራ መሪ" የሚባለውን ያነሳል። የሥራ መሪ ማን ነው? አንቀጽ 2 ትርጉሙን ሲሰጥ፣ የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ካለው ሰው ጋር ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዘዋወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን የተሰጠውን ሰው ይጨምራል። ይህ እንግዲህ የማን ሥራ ነው? የኤችአር ኃላፊው!

ማለትም ጠዋት ገብቶ ስለ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፣ ስለ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ፣ ስለ ስንብት ክፍያ ለሠራተኛው የሚያስረዳው ሰው፣ እሱ ራሱ በተራው ሲባረር ያ አዋጅ ላይሠራለት ይችላል። የሥራ መሪው ጉዳይ የሚታየው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና በራሱ የሥራ ውል ነው። የሠራተኛ ማኅበርም የእሱ ቤት አይደለም። ትርጉሙ የሚያየው ሥልጣኑን እንጂ የማዕረግ ስሙን ስላልሆነ፣ "ኤችአር ኦፊሰር" ተብሎ ፋይል ብቻ የሚያደራጅ ልጅ በአዋጁ ይጠበቃል፤ "ኃላፊ" ተብሎ ግን የመወሰን ሥልጣን የሌለውም እንደዚያው ክርክር ሊያነሳ ይችላል።

በእኛ እይታ የሙያ ማኅበር ከምንም በላይ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አለቃው "ይህንን ሰው ነገ አስወጣልኝ፣ ምክንያት ፈልግለት" ሲለው ኤችአሩ ብቻውን ነው። እምቢ ካለ እሱ ይወጣል፤ እሺ ካለ ደግሞ ሕግ የጣሰ ደብዳቤ ላይ ፊርማው ያርፋል። ጠንካራ ማኅበር የጽሑፍ የሥነ ምግባር ደንብ ካለው ባለሙያው ቢያንስ "የሙያዬ ደንብ ይህንን አይፈቅድልኝም" የሚልበት ወረቀት ይኖረዋል። የሥራ ውላቸውን ከመፈረማቸው በፊት አይተው የሚመክሯቸው ነባር ባለሙያዎችንም እዚያው ያገኛሉ።

አንድ የተሳሳተ ደብዳቤ ስንት ያስከፍላል?

በሒሳብ እንየው። ወርኃዊ ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረና 5 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ አለ እንበል። ልጁ ያረፍዳል። አለቃው ተናዶ "ይውጣ" አለ።

ሕጉ ስለ ማርፈድ የሚለው ግልጽ ነው፦ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ፣ ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው። መቅረት ከሆነ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን፣ እሱም በጽሑፍ እየተጠነቀቀ። የቃል ቁጣ አይቆጠርም። በዚያ ላይ አሠሪው የስንብቱን ምክንያት ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ መብቱ ያልፍበታል። ስንብቱም ምክንያቱንና ቀኑን በሚገልጽ ጽሑፍ መሆን አለበት።

ኤችአሩ ይህንን ሳያጣራ ደብዳቤውን ሰጠ፤ ሠራተኛው ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወደ ሥራ በመመለስ ፋንታ ካሣ ወሰነ እንበል። በግርድፉ ሲሰላ የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ 9,000፣ ለቀሩት 4 ዓመታት በየዓመቱ ሲሶው ማለትም 12,000፣ ድምር 21,000 ብር ነው። ካሣው የቀን ደመወዙ በ180 ተባዝቶ 54,000 ብር። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ የማስጠንቀቂያ ጊዜው 2 ወር ስለሆነ 18,000 ብር ይጨመራል። አጠቃላይ 93,000 ብር፤ የልጁ የ10 ወር ደመወዝ አለፍ ያለ ማለት ነው። ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በጊዜው ተጽፎ ቢሆን ምናልባት ልጁ ማርፈዱን ይተው ነበር፤ ክሱም ባልመጣ።

የተገላቢጦሹም አለ። ሠራተኛው ሕጉን ስለማያውቅ ብቻ የሚገባውን ሳይጠይቅ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥሩ ኤችአር "አልጠየቀም" ብሎ አያልፍም፤ ውል ሲቋረጥ ሒሳቡ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል እንዳለበት ያውቃል። የሥራ ልምድ ወረቀቱንም ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ሕጉ ያዘዘው ነውና ውለታ አይደለም።

ታዲያ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ምን ያወራል?

ከውጭ ሲታይ ስብሰባ፣ ቡና፣ ፎቶ፣ ሰርተፍኬት ይመስላል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ከዚያ አያልፍም። ደኅናው ስብሰባ ግን የሚነሳበት ጥያቄ ጥቃቅን የሚመስል ነው። ለምሳሌ የትርፍ ሰዓት ሲሰላ ወርኃዊ ደመወዝ ለስንት ይካፈላል? የሳምንቱን 48 ሰዓት ይዘው በ208 የሚያካፍሉ አሉ፤ 30 ቀን በ8 አባዝተው በ240 የሚያካፍሉም አሉ። በቀን ክፍለ ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ያ 9,000 ብር የሚያገኘው ሰው በወር 10 ሰዓት ትርፍ ቢሠራ በ208 ስሌት 649 ብር ገደማ፣ በ240 ስሌት 562 ብር ከሃምሳ ያገኛል። ልዩነቱ 86 ብር አለፍ ይላል፤ 300 ሠራተኛ ላለው ፋብሪካ በወር 26 ሺህ ብር ገደማ። ያ ገንዘብ ወይ ሠራተኛው ኪስ ይገባል ወይ አይገባም። እንዲህ ያለውን ጉዳይ አንድ ባለሙያ ቢሮው ተቀምጦ ብቻውን ከሚወስን፣ ሃያ ሰው ከነልምዱ ቢነጋገርበት ይሻላል።

ሌላው ሥራ አዲስ ሕግ ሲወጣ አባላቱን ማንቃት ነው። ያለፉትን ዓመታት ብቻ ብናይ እንኳ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ታድሷል (መዋጮው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው)። ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ደመወዝ በሐምሌ 2017 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ፔይሮል የሚሠሩ ልጆች ያንን ወር አይረሱትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ገና ብዙ ቢሮ አልደረሰም ማለት ይቻላል። የሠራተኛ የሕክምና ወረቀት ክፍት መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ፣ የጣት አሻራ መግቢያ ማሽን ላይ የተሰበሰበውን መረጃ ማን እንደሚያየው አለማወቅ፣ የተወዳዳሪዎችን ሲቪ በቴሌግራም ለሰው መላክ፣ እነዚህ ሁሉ ከአሁን በኋላ የሕግ ጥያቄ ናቸው።

ስለ ወሲባዊ ትንኮሳም አዋጁ በግልጽ ክልክል ብሎታል። አቤቱታ ሲመጣ ማን ይቀበለዋል፣ እንዴት በምስጢር ይያዛል፣ ተከሳሹ አለቃው ከሆነስ? ከሥልጠናዎች ሁሉ ይህኛው ቢቀድም ደስ ይለናል፤ ሁሌ "የአመራር ክህሎት" ብቻ ባይሆን።

በየዓመቱ ሜይ 20 (ግንቦት 12) ዓለም አቀፍ የኤችአር ቀን ተብሎ ይታሰባል። ኬክ መቁረጡ እንዳለ ሆኖ፣ ማኅበራት የዓመቱን ሥራቸውን የሚያሳዩበት ቀን ነው።

ፈቃድ ይኑረው ወይስ አይኑረው?

ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2012 የሰው ሀብት ባለሙያዎችን የሚመለከት ሕግ አውጥታለች፤ ባለሙያው ተመዝግቦ የሙያ ፈቃድ መያዝ አለበት። ናይጄሪያ የባለሙያዎቿን ተቋም በሕግ ያቋቋመችው በ1992 ነው። እኛ ጋ ጠበቃው ፈቃድ ይጠየቃል፣ ሐኪሙ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ኤችአሩ ግን የሚጠየቀው ዲግሪና የሥራ ልምድ ነው፣ እሱም ቀጣሪው ከፈለገ። የባለቤቱ የአክስት ልጅም ኤችአር ይሆናል።

ፈቃድ ይምጣ የሚሉ አሉ፤ ሙያው ይከበራል፣ ያጠፋም ይጠየቃል ይላሉ። ይህ እውነት አለው። እኛን የሚያሳስበን ግን ፈቃዱ የሥልጠና ሰርተፍኬት መሸጫ እንዳይሆን ነው። ማኅበሩ ራሱ አሠልጣኝ፣ ራሱ ፈታኝ፣ ራሱ ፈቃድ ሰጪ ከሆነ ገንዘቡ ወዴት እንደሚያዘነብል ማየት አይከብድም። መጀመሪያ የሥነ ምግባር ደንብና አቤቱታ የሚሰማ አካል ይቅደም፤ ፈቃዱ በኋላ ይደርሳል።

አባል ልሁን ካላችሁ

ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ማኅበሩ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝግቧል? የምዝገባ ሰርተፍኬቱን ማሳየት ሊከብደው አይገባም። ጠቅላላ ጉባኤ መጨረሻ የተጠራው መቼ ነው? የሒሳብ ሪፖርት ለአባላት ይቀርባል? ገቢው በዋናነት ከአባላት መዋጮ ነው ወይስ ከአንድ ሁለት ትልልቅ ድርጅቶች ስፖንሰር? ስፖንሰር ኃጢአት አይደለም፤ ግን ዓመታዊ ጉባኤውን የሚከፍለው ድርጅት ሠራተኞቹን በሕገ ወጥ መንገድ ሲቀንስ ማኅበሩ አፉን ይከፍት እንደሆነ እዚያ ላይ ይለያል። አባላቱ ኃላፊዎች ብቻ ናቸው ወይስ ጀማሪ ኦፊሰሮችና ተማሪዎችም ይገባሉ? አዲስ አበባ ብቻ ተቀምጦ ሐዋሳና ድሬዳዋ ያሉ የኢንዱስትሪ ፓርክ ባለሙያዎችን የረሳ ማኅበር፣ ብዙ ሠራተኛ ያለበትን ቦታ ረስቷል ማለት ነው።

ሠራተኛ ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር፦ የባለሙያዎቹ ማኅበር የእናንተን የስንብት አቤቱታ አይቀበልም፣ ሥልጣኑም የለውም። መሄጃችሁ የሠራተኛ ማኅበራችሁ፣ የአካባቢያችሁ የሥራና ክህሎት ቢሮ ወይም ፍርድ ቤት ነው። ቀን አይለፋችሁ፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ፣ የስንብት ክፍያና ሌሎች ከውሉ መቋረጥ ጋር የተያያዙ ክፍያዎች ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።