የአዲስ አበባ ፍሬ በል አእዋፍና የከተማዋ ዛፎች ታሪክ



እኔ የታሪክ ሰው እንጂ የአእዋፍ ሊቅ አይደለሁም። ይሁንና አገር በቀል ፍሬ በል አእዋፍ በአዲስ አበባ እንዴት እንደሚኖሩ የሚያጠና ሰው የከተማዋን ታሪክ ሳያነብ የሚያየውን በትክክል ሊተረጉም አይችልም ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ፈላጊው በዛ፤ የአካባቢው ጥድና ወይራ ተመናመነ። ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደረሱ። ከተማዋን በስፍራዋ ያጸናት፣ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው።

ይህን ታሪክ ዘወትር የምንተርከው ከሰው ወገን ሆነን ነው። ከአእዋፍ ወገን ግን ሌላ መልክ አለው። የባሕር ዛፍ ፍሬ ደረቅና እንጨታማ ነው፤ የሚበላ ሥጋ የለውም። ሲበር ቀይ የክንፍ ላባው የሚታየው ነጭ ጉንጭ ቱራኮ፣ እንዲሁም በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የምትገኘው ጥቁር ክንፏ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን የጥድና የሾላ ፍሬ ይመገባሉ። ከተማዋ በባሕር ዛፍ ስትለመልም የእነርሱ ማዕድ ጠበበ።

ነባር ዛፎች ከምሳር ያመለጡት በአመዛኙ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽርና በሰፋፊ የቤተ መንግሥትና የኤምባሲ ግቢዎች ውስጥ ነው። ስለሆነም በአንድ ደብር ቱራኮ ያየ ተማሪ «ወፉ ከተማ ለምዷል» ብሎ ለመጻፍ አይቸኩል። ወፉ የሚኖረው ምናልባት ከተማው ሳይደርስበት በቀረ ቁራሽ መሬት ላይ ይሆናል። የመጀመሪያው አባባል ያዘናጋናል፤ ሁለተኛው ግን ኃላፊነት ያሸክመናል።

ቱራኮ ፍሬውን ውጦ ዘሩን ከእናት ዛፉ አርቆ ይጥላል። ስለዚህ የግቢ ጥድ ሲቆረጥ የምናጣው ጥላውን ብቻ አይደለም፤ የነገውን ጥድ የሚዘራውን ገበሬም ነው። በምትኩ የሚተከለው ችግኝ ፍሬው የማይበላ ከሆነ፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢበዛ ይህን ጉድለት አይሞላም።

እናም ተማሪዎቼ፣ ወፍ ለመቁጠር ወደ ደብር ስትገቡ አረጋውያኑንም ጠይቁ፦ ይህን ዛፍ ማን ተከለው? «አትቁረጡት» ያለውስ ማን ነው? የወፉ ታሪክ ከዚያ ይጀምራል።