ሁለተኛው ጡት፦ በአሜሪካ የጤና መድን ጡት ማንሳት መቼ ሕክምና፣ መቼ ውበት ይባላል?

(ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ለመድን ድርጅት ሒሳብ ሲልክ ለሠራው ሥራ ሁሉ ኮድ ይጽፋል። 19316 የጡት ማንሳት ቀዶ ሕክምና ነው። ትርፍ ቆዳ ይቆረጣል፣ የጡቱ ጫፍ ወደ ላይ ይወጣል፣ የወደቀው ጡት ቅርጽ ይዞ ይሰፋል። ይህ ቁጥር በአንዲት ሴት ፋይል ላይ ሲጻፍ የመንግሥቱ መድን ሜዲኬር «ይህ ለውበት ነው፣ ከኪስሽ ክፈይ» ይላል። በሌላዋ ሴት ፋይል ላይ ሲጻፍ ግን ይከፍላል። ቢላውም ስፌቱም ያው ነው። የሚገርመው ደግሞ የሚከፈልላት ሴት የተነሳላት ጡት ምንም በሽታ የሌለበት፣ ጤነኛው ጡቷ መሆኑ ነው።

ይህን ልዩነት የፈጠረው የሕክምና ሳይንስ አይደለም። ፖለቲካ ነው፤ ታሪኩም ረጅም ነው።

ሜዲኬር የተወለደው ጁላይ 30 ቀን 1965 ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሚዙሪ ድረስ ሄደው በቀድሞው ፕሬዚዳንት በትሩማን ፊት ሕጉን ፈረሙ፤ የመጀመሪያውን የአባልነት ካርድም ለትሩማን ሰጡ። ዕድሜው 65 የሞላ አሜሪካዊ ሆስፒታል ሲገባ ቤቱን እንዳይሸጥ የተዘጋጀ መድን ነበር። ሆኖም ሕጉ ገና ከመነሻው የማይከፈልባቸውን ነገሮች ዘርዝሯል፦ መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ የጥርስ ሕክምና፣ የውበት ቀዶ ሕክምና። ለውበት ቀዶ ሕክምና ሁለት ቀዳዳ ብቻ ተተወ። አንደኛው በአደጋ የደረሰን ጉዳት ቶሎ መጠገን ነው። ሁለተኛው ቅርጹ የተበላሸ አካል ሥራውን በተሻለ እንዲሠራ ማድረግ ነው።

«ሥራውን» የሚለው ቃል ላይ ቆም በሉ። እጅ ሥራ አለው፣ ይጨብጣል። ዓይን ሥራ አለው፣ ያያል። የ66 ዓመት አሮጊት ጡት ሥራው ምንድን ነው? ወልዳ አጥብታ ጨርሳለች። በሕጉ ቋንቋ ከሄድን የእርሷ ጡት ሥራ የለውም። ሥራ የሌለው አካል ደግሞ ሊቆረጥ ይችላል፤ ሊጠገን ግን አይገባውም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የመድን ድርጅቶች ለሴቶች ሲሰጡ የኖሩት መልስ ከዚህ ብዙም አልራቀም።

መቁረጡን በተመለከተማ ማንም አልሰሰተም። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ቀዶ ሐኪም የነበሩት ዊሊያም ሃልስቴድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስፋፉት ዘዴ ጡቱን፣ ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብቱን ዕጢዎች ጠራርጎ የሚያወጣ ነበር። ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህ የማይነካ ሥርዓት ሆኖ ቆየ። ሴቲቱ የምትደነዝዘው ለምርመራ ነው፤ ናሙናው ካንሰር ከሆነ እዚያው እንደተኛች ጡቷ ይወሰዳል። ስትነቃ ደረቷን ዳብሳ ነው ውጤቱን የምታውቀው። በሴፕቴምበር 1974 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ቤቲ ፎርድ በዚሁ መንገድ ጡታቸውን አጡ። ነገሩን ለሕዝብ በግልጽ መናገራቸው ግን ብዙ ሴቶችን ወደ ምርመራ ላከ። በዚያው ዓመት ሮዝ ኩሽነር የተባለች ጋዜጠኛ የራሷን ካንሰር ይዛ «መጀመሪያ መርምሩኝ፣ ከዚያ ነቅቼ ልወስን» ብላ ሐኪሞቿን ተከራከረች። በ1979 ብሔራዊው የጤና ተቋም ምርመራውና ቀዶ ሕክምናው እንዲለያይ ምክር ሲሰጥ ኩሽነር ከባለሙያዎቹ መካከል ተቀምጣ ነበር።

የተቆረጠውን መልሶ መሥራትም በዚያው ዘመን እየተቻለ መጣ። የመጀመሪያው የሲሊኮን ጡት በ1962 ሂዩስተን ውስጥ ተገጠመ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የአትላንታው ሐኪም ካርል ሃርትራምፍ ከሆድ ሥጋና ስብ ወስደው ጡት የሚሠሩበትን ዘዴ ለሙያ አጋሮቻቸው አስተዋወቁ። ሁሉም ሴት ግን ይህን አልፈለገችም። ገጣሚዋ ኦድሪ ሎርድ በ1980 ባሳተመችው የካንሰር ማስታወሻዋ ሰው ሠራሽ ጡት እንድታደርግ የተደረገባትን ግፊት አጥብቃ ተቃውማለች፤ የጎደለውን መደበቅ ሌሎች እንዲመቻቸው ነው ባይ ነበረች። አከራካሪ አቋም ነው፣ ክብደትም አለው። ነገር ግን መድን አልከፍልም ያላት ሴት ከሎርድ ጋር ተስማምታ አይደለም ሳትሠራ የቀረችው። ምርጫው ስላልተሰጣት ነው።

እዚህ ላይ ለመድን ድርጅቶቹም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ጥርጣሬያቸው ከባዶ የመጣ አልነበረም። በ1982 የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ለመድኃኒት ቁጥጥሩ መሥሪያ ቤት በጻፈው አስተያየት ትንሽ ጡት በእርግጥ በሽታ ነው የሚል ክርክር አቀረበ። ገበያ ያለበት ሐኪም ጤነኛዋን ሴት ታማሚ ብሎ ሲጠራ የመድን ድርጅት በሩን ቢዘጋ ምን ይደንቃል? በ1989 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ድንበሩን ለማስመር ሞከረ። ጤነኛ አካልን ለማሳመር የሚደረገው የውበት፣ በበሽታ ወይም በአደጋ የተበላሸን አካል የሚያስተካክለው ደግሞ የጥገና ቀዶ ሕክምና ተባለ። ጥሩ ድንበር ይመስላል። በ1992 የሲሊኮን ጡት ደኅንነት አጠያያቂ ሆኖ ሲታገድም መንግሥት ይህንኑ መስመር ተከተለ፤ በካንሰር ጡታቸውን ላጡ በክትትል ፈቅዶ፣ ለውበት ለሚፈልጉት ከሞላ ጎደል ዘጋ።

ድንበሩ የፈረሰው ጡት ሁለት በመሆኑ ነው።

ካንሰር ያለበት ጡት ወጥቶ አዲስ ሲሠራ፣ አዲሱ ጠንካራና ከፍ ያለ ይሆናል። ልጆች ያጠባው፣ ዕድሜ የጎተተው ሌላኛው ግን ወርዶ ይቀራል። በልብስ ውስጥ እንኳ ይታያል፤ ጡት መያዣም ልክ አይሆንም። ሐኪሙ አዲሱን አስረጅቶ መሥራት አይችልም። የሚችለው አሮጌውን ማንሳት ነው። በ1989ኙ ትርጉም መሠረት ደግሞ ይህ ጤነኛ አካልን ማሳመር ነው፤ የውበት ሥራ።

ጉዳዩ ኮንግረስ የደረሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ዘመኑ ሴቶች ጡታቸው በወጣበት ዕለት ወደ ቤት የሚሸኙበት ነበር፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1997 ዓመታዊ ንግግራቸው ይህን አንስተዋል። በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ የአንዲት ወጣት እናት መድን ጡቷ እንዲወጣ ከፈለ፣ መልሶ ለመሥራት ግን እምቢ አለ። ቀዶ ሐኪሟ አቤቱታውን ወደ ሴኔተር አልፎንስ ዳማቶ ወሰዱት። ሴኔተሩ ለምክር ቤቱ እንዳስረዱት የመድኑ ምክንያት ጡት ለሰውነት ሥራ ስለማያስፈልግ መተካት የለበትም የሚል ነበር። የ1965ቷ ቃል በግል ኩባንያ አፍ ተመልሳ መጣች።

ዳማቶ ሪፐብሊካን ነበሩ፤ በመድን ኩባንያ ላይ ግዴታ መጫን የፓርቲያቸው ልማድ አልነበረም። ከባድ ምርጫም ከፊታቸው ነበር። የሆነ ሆኖ የሴቶች የጤናና የካንሰር መብቶች ሕግ በአንድ ግዙፍ የበጀት ሕግ ሆድ ውስጥ ተሸጉጦ ኦክቶበር 21 ቀን 1998 ተፈረመ። ዳማቶ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በቻክ ሹመር ተሸንፈው ወንበራቸውን አጡ።

ሕጉ የሚለው አጭር ነው። ጡት ለማውጣት የሚከፍል የግል መድን መልሶ ለመሥራትም፣ ለሰው ሠራሽ ጡትም፣ ለክንድ እብጠትም ይከፍላል። እንዲሁም ሁለቱ ጡቶች ተመጣጣኝ መልክ እንዲኖራቸው በሌላኛው ጡት ላይ ለሚደረገው ቀዶ ሕክምና ይከፍላል። ትልቁ ነገር እዚህ ነው፤ «መልክ» የሚለው ቃል የመድን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ጡቱ ምን ሥራ ይሠራል ብሎ የጠየቀ የለም። ሕጉ ሜዲኬርን አይመለከትም፤ ሜዲኬር ግን በራሱ ደንብ በሁለቱም በኩል ይሸፍናል። 19316 የተከፈተችው በዚህ በር ነው።

በሩ ጠባብ ነው። ጡቷ ከብዶ ጀርባዋን የሚያሳምማት ሴት የማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ልታስፈቅድ ትችላለች፤ ከጡቱ የሚወጣው ግን በግራም ይመዘናል። ለዚህ ብዙ መድኖች የሚጠቀሙበት ሠንጠረዥ በ1991 ፖል ሽኑር የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ነው። ሽኑር ራሳቸው በ1999 ይህ ለመድን መስፈርትነት መዋል የለበትም ብለው ጻፉ፤ ሠንጠረዡ ግን ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። ጡት ማንሳት ደግሞ የሚመዘን ሥጋ የለውም፤ የሚወጣው በዋናነት ቆዳ ነው። ሜዲኬር ከ2006 ጀምሮ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ለውፍረት ቀዶ ሕክምና ይከፍላል። ሴቲቱ ክብደቷን ስትቀንስ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ጡት ግን የራሷ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የከፋው ክፍተት በካንሰር ታማሚዎቹ መካከል ያለው ነው። በ1985 የበርናርድ ፊሸር ጥናት ለብዙ ሴቶች እብጠቱን ብቻ አውጥቶ በጨረር ማከም ሙሉ ጡት ከማውጣት ያላነሰ ዕድሜ እንደሚሰጥ አሳየ። መልካም ዜና ነበር። የ1998ቱ ሕግ ግን የተጻፈው ጡት ማውጣት በሚለው ቃል ነው። እብጠቱ ብቻ ወጥቶላት፣ በጨረር ጡቷ ተኮማትሮ ሁለቱ የተለያዩባት ሴት ሕጉ በስም አይጠራትም፤ መድኗ በጎ ከሆነ ይከፍልላታል፣ ካልሆነ ትከራከራለች።

ሜዲኬይድ፣ ማለትም የድሆቹ መድን፣ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። በ2000 ኮንግረስ በመንግሥት የምርመራ ፕሮግራም በኩል ካንሰር የተገኘባቸውን መድን አልባ ሴቶች ግዛቶች በሜዲኬይድ እንዲያሳክሙ ፈቀደ፤ ጡት መልሶ መሥራቱንና ሁለተኛውን ማንሳቱን ግን በሁሉም ግዛት ላይ ግዴታ አላደረገም። ስለዚህ በሜሪላንድም ሆነ በቴክሳስ በሜዲኬይድ የምትታከም ሴት፣ የእኛዎቹንም ጨምሮ፣ ጡቷ ከመውጣቱ በፊት ለሐኪሟ የምታቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ የሌላኛው ጡት ሥራ በዚሁ የሕክምና ዕቅድ ውስጥ ተጽፎ፣ ፈቃዱ ከአሁኑ ተጠይቋል ወይ? ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ብቻውን የተላከ 19316 ውበት ተብሎ መመለሱ ቀላል ነው።